እውነት ወይስ ተረት? የሳሎን ቲቪን ስለምታሠራው ትንሿ ሰሌዳ

አሰላ፣ አክስቴ ቤት፣ የፋሲካ ማግስት። ሳሎኑ በዘመድ ተሞልቷል። የአጎቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ይዟት የመጣው፣ መታወቂያ ካርድ የምታክል ኮምፒውተር ከቲቪው ጀርባ ተሰክታለች። ራስፕቤሪ ፓይ 5 ናት። ከጎኗ በተሰካው ሃርድ ዲስክ ውስጥ የአክስቴ የሰርግ ቪዲዮ አለ። ሙሽሪት ከቤት ልትወጣ ስትል ምስሉ ቀጥ አለ፤ ሃርድ ዲስኩም ቀጭ ቀጭ አለና ከስክሪኑ ጠፋ። “ይቺ ዕቃ አትረባም!” ተባለና ተነቀለች።

ሰሌዳዋ ግን ምንም አልሆነችም። የተሰካችው በስልክ ቻርጀር ስለነበር የምትፈልገውን ያህል ኃይል አላገኘችም። ብዙ ሰው ገንዘቡን አውጥቶ እንዲህ ያለ ሰሌዳ ይገዛና፣ በተሳሳተ ወሬ ምክንያት መሳቢያ ውስጥ ይወረውራታል። በብዛት የምሰማቸውን ወሬዎች አንድ በአንድ እንያቸው።

ተረት 1፦ “አዲሷ ሁልጊዜ ከአሮጌዋ ትበልጣለች”

እውነቱ፦ ቪዲዮ ፋይል ውስጥ የሚቀመጠው ተጨምቆ ነው። የሚጨመቅበት ስልት ኮዴክ ይባላል። ሰሌዳዎቹ ውስጥ ይህንን ለመፍታት ብቻ የተሠራ ክፍል አለ፤ የትኛውን ኮዴክ እንደሚፈታ ግን ከሰሌዳ ሰሌዳ ይለያያል።

እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣችው ፓይ 4 በዚህ ክፍል ኤች.264ንም ኤች.265ንም ትፈታለች፤ ኤች.265ን እስከ 4ኬ ድረስ። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣችው ፓይ 5 ላይ ግን የኤች.264 መፍቻው ተነሥቷል። ሥራውን ዋናው ፕሮሰሰር ይሸከማል። ፕሮሰሰሯ ፈጣን ስለሆነ ባለ 1080 ፊልም አያቅታትም። ፓይ 3 ደግሞ ኤች.265ን የሚፈታ ክፍል ጭራሽ የላትም። ኤቪ1 የተባለውን አዲስ ኮዴክ በዚህ መንገድ የምትፈታ ፓይ እስከ ፓይ 5 ድረስ የለችም፤ በስም ብትመስላትም ሌላ ድርጅት የሚሠራት ኦሬንጅ ፓይ 5 ግን ትፈታለች። ችግሯ፣ ያንን አቅሟን የሚያወጣላት ሶፍትዌር እንደ ፓይ በሚገባ የተደላደለ አለመሆኑ ነው።

ሌላም ልዩነት አለ። ቀይ፣ ነጭና ቢጫ መሰኪያ ያለው የድሮ ቲቪ አሁንም በየቤቱ ይገኛል። ፓይ 4 ላይ ያለው የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ፣ ትክክለኛው ገመድ ከተገኘለትና በቅንብሩ ከተከፈተ፣ ለዚያ ቲቪ ምስልም ድምፅም ይልካል። ፓይ 5 ላይ ይህ ቀዳዳ የለም። እንዲህ ያለ ቲቪ ላለው ቤት አዲሷን መግዛት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ተረት 2፦ “8 ጊጋ ራም ከሌላት ፊልሙ ይቆራረጣል”

እውነቱ፦ ፊልም የሚያጫውተው መፍቻው እንጂ የራሙ ብዛት አይደለም። ኮዲ የተባለውን ማጫወቻ ለማሠራት 2 ጊጋ ይበቃል። በትርፉ ገንዘብ ጥሩ ቻርጀር ይግዙ።

ተረት 3፦ “ሶኬቱ ከገባ ማንኛውም ቻርጀር ያው ነው”

እውነቱ፦ የአክስቴን ሰርግ ያቋረጠው ይህ እምነት ነው። ፓይ 4 የምትፈልገው 5 ቮልትና 3 አምፔር ነው። ፓይ 5 ደግሞ 5 ቮልትና 5 አምፔር ትፈልጋለች። የድሮ የስልክ ቻርጀር ብዙውን ጊዜ 1 ወይም 2 አምፔር ብቻ ነው የሚሰጠው።

“የላፕቶፕ ቻርጀር አለኝ፣ 65 ዋት ነው” የሚልም አለ። ያ 65 ዋት የሚገኘው ቮልቴጁ ወደ 20 ከፍ ሲል ነው። በ5 ቮልት አብዛኛው የላፕቶፕ ቻርጀር ከ3 አምፔር አያልፍም። ፓይ 5 የ5 አምፔር ቻርጀር ካላገኘች ዩኤስቢ ላይ ለተሰኩት ዕቃዎች ሁሉ በድምሩ 600 ሚሊአምፔር ብቻ ትመድባለች። ፍላሽ በዚህ ይሠራል፤ የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ግን ለመነሣት ከዚህ የበለጠ ይፈልጋል። ያን ዕለት ቀጭ ቀጭ ሲል የሰማነው ለመነሣት ሲታገል ነበር።

ተረት 4፦ “አሰላ ብርድ ነው፤ ማቀዝቀዣ አያስፈልጋትም”

እውነቱ፦ ግማሹ ልክ ነው። አሰላ በጭላሎ ግርጌ፣ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ ያለች ከተማ ናት። የክፍሉ አየር ቀዝቃዛ መሆኑ ለሰሌዳዋ ይጠቅማታል። ነገር ግን በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር አንድ አራተኛ ያህል የሳሳ ነው። የሳሳ አየር ደግሞ ከጋለ ብረት ላይ የሚያነሣው ሙቀት ያንሳል። ስለዚህ ብርዱን ብቻ ተማምኖ ሰሌዳዋን በጠባብ ፕላስቲክ ሣጥን መዝጋት አያዋጣም፤ በተለይ ከቲቪው ጀርባ፣ ቲቪው ራሱ በሚያሞቀው ቦታ።

ፓይ ሙቀቷ 80 ዲግሪ ሲደርስ ራሷን ለመጠበቅ ፍጥነቷን ትቀንሳለች፤ ያኔ ምስሉ መቆራረጥ ይጀምራል። ለፓይ 4 ሙቀት የሚያስወጣ የአሉሚኒየም ሣጥን ይበቃታል። ለፓይ 5 ግን ትንሽ ማራገቢያ ይጨመርላት።

ተረት 5፦ “እንደ ሪሲቨር ናት፤ ዝም ብሎ መንቀል ነው”

እውነቱ፦ ይህች ኮምፒውተር ናት። ሚሞሪ ካርዷ ላይ እየጻፈች ሳለ መብራት ከሄደ ጽሑፉ ሊበላሽና በሚቀጥለው ቀን አልነሣም ልትል ትችላለች። መብራት እንዳይሄድ ማድረግ አንችልም፤ ጉዳቱን ግን መቀነስ እንችላለን። ሊብሬኤሌክ የተባለው፣ ኮዲን ብቻ ለማሠራት የተዘጋጀው ነፃ ሲስተም ዋናውን ክፍሉን ለንባብ ብቻ ስለሚከፍተው የመበላሸት ዕድሉ ይቀንሳል። ሁለተኛው ጥንቃቄ፣ ሁሉም ነገር ከተስተካከለ በኋላ የካርዱን ሙሉ ቅጂ ላፕቶፕ ላይ ማስቀመጥ ነው። ካርዱ ቢበላሽ ቅጂውን በሌላ ካርድ ላይ ማስፈር ብቻ ይሆናል ሥራው። ፊልሞቹ በሃርድ ዲስክ፣ ሲስተሙ በካርድ፤ አይቀላቀሉ። ማታም ከሜኑው ዘግተው ይንቀሉ።

ተረት 6፦ “የሩጫ ቪዲዮ የሚንገጫገጨው ሰሌዳዋ ደካማ ስለሆነች ነው”

እውነቱ፦ ይህ ለአርሲ ልጅ ቀላል ነገር አይደለም። በዚህ ምድር ኃይሌ ገብረሥላሴን፣ ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን ያፈሩ ቤቶች አሉ፤ የድሮ ሩጫ መልሶ ማየትም የቤት ወግ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ሲድኒ ላይ ኃይሌ ፖል ቴርጋትን በ10,000 ሜትር የቀደመው በ0.09 ሰከንድ ነበር፦ 27:18.20 ለ27:18.29። ሴኮንዱን 25 ቦታ በሚከፍል ቪዲዮ አንዱ ምስል 0.04 ሰከንድ ይቆያል። ስለዚህ ያ ወርቅ የተገኘው ከሁለት ምስል ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ ነው።

አሁን ሰሌዳዋ ለቲቪው በሴኮንድ 60 ምስል የምትልክ ከሆነ፣ 25ቱ ለ60ው እኩል አይካፈሉም። አንዱ ምስል ሁለት ጊዜ፣ ሌላው ሦስት ጊዜ ይደገማል። ሯጮቹ ወደ መጨረሻው መስመር ሲንደረደሩ የሚታየው መንገጫገጭ ከዚህ የመጣ ነው። መድኃኒቱ ሌላ ሰሌዳ መግዛት አይደለም። በኮዲ የማጫወቻ ቅንብር ውስጥ የስክሪኑን ፍጥነት ከቪዲዮው ጋር የሚያስማማ ምርጫ አለ። እሱን ሲከፍቱት ቲቪው ወደ 50 ይወርዳል፣ እያንዳንዱ ምስል እኩል ሁለት ሁለት ጊዜ ይታያል፣ ሩጫውም ይፈስሳል። ይህን ያህል ለውጥ በነፃ ይገኛል።

ተረት 7፦ “እሷ ካለች ዲሽና ሪሲቨር አያስፈልግም”

እውነቱ፦ ሰሌዳዎቹ የሳተላይት ሞገድ የሚቀበል ክፍል የላቸውም። በ57 ዲግሪ ምሥራቅ ካለው ኤንኤስኤስ 12 ሳተላይት የሚተላለፉትን የኢትዮሳት ጣቢያዎች ለማየት ዲሹም ሪሲቨሩም በቦታቸው ይቆዩ። ሪሲቨሩን በአንዱ ኤችዲኤምአይ፣ ሰሌዳዋን በሌላው ይሰኩ።

እንደ ኔትፍሊክስ ያሉት አገልግሎቶችም ጥራት ያለው ምስል የሚለቁት የቅጂ መቆለፊያቸውን ከፍተኛ ደረጃ ላሟላ ዕቃ ነው፤ ፓይ ያን ደረጃ የላትም። ዋናው ፍላጎትዎ ይህ ከሆነ ፈቃድ ያለው የአንድሮይድ ቲቪ ሣጥን ይሻልዎታል።

ተረት 8፦ “ኪቦርድና ማውስ ያስፈልጋታል፤ ለእናቶች አትሆንም”

እውነቱ፦ በኤችዲኤምአይ ገመዱ ውስጥ የቲቪው ሪሞት ትእዛዝ ወደ ሰሌዳዋ ያልፋል። ቲቪው ላይ ግን ይህ መንገድ ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ሳምሰንግ አኒኔት ፕላስ፣ ኤልጂ ሲምፕሊንክ፣ ሶኒ ብራቪያ ሲንክ ይሉታል። ከተከፈተ ወዲያ በለመዱት ሪሞት ቀስቶቹን መጫን ብቻ ነው።

ታዲያ የትኛዋ?

የቤቱ ሀብት የሰርግ ዲቪዲ፣ የድሮ ሩጫና ባለ 1080 ፊልም ከሆነ ባለ 2 ጊጋዋ ፓይ 4 ትበቃለች። ዲቪዲ የተጨመቀበትን ኤምፔግ 2 ለመፍታት ፓይ 3 እና ከእሷ በፊት የወጡት የሚከፈልበት ፈቃድ ይጠይቁ ነበር፤ ፓይ 4 በፕሮሰሰሯ ያለ ክፍያ ትፈታዋለች። ሰሌዳዋን ከቪዲዮ ሌላ ለልጆች ትምህርትና ለፕሮግራም መጻፊያ ጭምር የሚፈልግ ፓይ 5ን ከትክክለኛ ቻርጀሯና ከማራገቢያዋ ጋር ይግዛ። ኦሬንጅ ፓይ 5ን፣ የኤቪ1 ፋይል ያለውና ሶፍትዌር መነካካት የማይሰለቸው ሰው ይምረጣት።

ከመግዛትዎ በፊት አንድ ነገር ያድርጉልኝ። ያለዎትን ቪዲዮ በላፕቶፕ ላይ በቪኤልሲ ይክፈቱና የኮዴክ መረጃውን ይዩ። እዚያ የተጻፈው ስም የትኛዋ ሰሌዳ እንደምትሆንዎት ከየትኛውም ሻጭ በላይ ይነግርዎታል። ቀድሞ መመጠን ይሻላል።

የአክስቴ ሰርግ በሳምንቱ ተጫወተ። ሰሌዳዋ ያችው ናት፤ የተቀየረው ቻርጀሩ ብቻ ነው።