ስላቅን ለልጆቻችን ስናስተምር

በኦክላንድና በሳን ሆዜ ላሉ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ ሳስተምር፣ ከሰዋስው ይልቅ የከበደኝ ስላቅ ነው። ልጆቻችን የአሜሪካ ቴሌቪዥን ፌዝ ከእኛ ቀድሞ ይገባቸዋል። እኛ ስለ ሹመኛ ስንቀልድ ግን ግራ ይገባቸዋል።

ምክንያቱ የቋንቋ ችግር ብቻ አይደለም። የእኛ ስላቅ ያደገው ሹምን ፊት ለፊት መናገር በሚያስቀጣበት አገር ስለሆነ ወርቁን በሰም ሸፍኖ ያልፋል። ለዚህ የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት የሚባለው የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ» ጥሩ ምሳሌ ነው። በተውኔቱ የሚናገሩት እንስሳት ናቸው፤ የሚነካው ግን የቤተ መንግሥቱ ብልሹ አሠራር ነበር። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመንም ታገደ። «ተረት ከሆነ ለምን ታገደ?» ብዬ ስጠይቃቸው ነገሩ ይገለጥላቸዋል።

ለማነጻጸር ሩቅ አንሄድም። እዚሁ ኦክላንድ እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የብላክ ፓንተር ፓርቲ ባሳተመው ጋዜጣ ላይ፣ ሠዓሊው ኤሞሪ ዳግላስ ፖሊስን በአሳማ መልክ ይስል ነበር። የእኛው ደራሲ በእንስሳ የሸፈነውን ዳግላስ በእንስሳ አጋለጠው።

ሲጽፉ ደግሞ ስዊፍትን አነብላቸዋለሁ። ጆናታን ስዊፍት እ.ኤ.አ. በ1729 ባሳተመው ጽሑፍ፣ የአየርላንድ ድሆች ሕፃናቶቻቸውን ለሀብታም ማዕድ እንዲሸጡ ሂሳብ ሠርቶ፣ ፊቱን ሳያፈታ ይመክራል። ዘዴው ድሃን እንደ ዕቃ የሚቆጥረውን ሰው አስተሳሰብ ተቀብሎ እስከ ጥጉ መግፋት ነው። ይህን የተማረች አንዲት ተማሪ ስለ ሳን ሆዜ የቤት ኪራይ ስትጽፍ፣ በምናብ በፈጠረችው ከንቲባ ስም «መኪናችሁ ውስጥ የምታድሩ ነዋሪዎች ሆይ፣ ጠዋት ወደ ሥራ ስትሄዱ መንገድ ስለማታጨናንቁ እናመሰግናለን» የሚል ደብዳቤ አዘጋጀች። አንድም የስድብ ቃል የለበትም።

ከሁሉ የሚከብደው ድንበሩን ማሳየት ነው። በእኛ በስደተኞች መካከል የፖለቲካ ቀልድ ተብሎ የሚነገረው ብዙ ጊዜ የአንዱን ብሔረሰብ አነጋገር ወይም ዘር ማላገጫ ማድረግ ነው። አንድ ልጅ ከቤት የሰማውን እንዲህ ያለ ቀልድ በድርሰት መልክ ይዞ መጣ። ክፍሉ ውስጥ የዚያው ብሔረሰብ ልጅ ተቀምጣለች። «የሳቅኸው በማን ሥራ ነው?» አልሁት። ቢፈልግ ቢፈልግ መልስ አጣ፤ ቀልዱ ውስጥ የተወለደ እንጂ ያጠፋ ሰው አልነበረምና። ስላቅ ሥልጣን ያለውን በሥራው ይጠይቃል፤ ማንንም በትውልዱ አይጠይቅም።

ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችን ይህን ልዩነት እኔ ዘንድ በሳምንት ሁለት ሰዓት ይማሩታል፤ እናንተ ዘንድ ግን በየቀኑ ይሰሙታል። ስለ ሹመኛ ስትቀልዱ ሰሙንም ወርቁንም ፍቱላቸው። ቀልድ ሲተነተን ለዛው እንደሚቀንስ አውቃለሁ፤ ይቀንስ።

ቸር ይግጠመን።