የቆዩ ላንድክሩዘርና ላንድሮቨር ተሽከርካሪዎችን መስታወት ስለ መተካት
በጋሞ ዞን ለሚገኙ ባለንብረቶችና አሽከርካሪዎች የተዘጋጀ ማብራሪያ

ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ የሚወስደው መንገድ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም፣ በ1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ከሚገኘው ቆላ ተነሥቶ 2,700 ሜትር ገደማ ወደሚደርሰው ደጋ ይወጣል። አሽከርካሪው በአንድ ጉዞ የዓባያና የጫሞ ሐይቆችን አካባቢ ሙቀት፣ የጠጠር መንገድ አቧራንና የደጋውን ጉም ያገኛል። በዚህ መንገድም ሆነ ወደ ቦንኬ፣ ዲታና ካምባ በሚወስዱት መንገዶች ሕመምተኛ፣ የመንግሥት ሠራተኛና እንግዳ ጭነው የሚመላለሱት በአብዛኛው ረጅም ዘመን ያገለገሉ፣ በአራቱም ጎማ ኃይል የሚያገኙ ተሽከርካሪዎች ናቸው። የእነዚህ ተሽከርካሪዎች የፊት መስታወት ሲሰነጠቅ ወይም ሲሰበር በምን ዓይነት መስታወትና እንዴት መተካት እንዳለበት ማወቅ የተሳፋሪዎችን ሕይወት የሚመለከት ጉዳይ ነው።

አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ባገለገሉ ተሽከርካሪዎች ላይ የኤክሳይስ ታክስ ከፍ እንዲል አድርጓል፤ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮም በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ተወስኗል። በመሆኑም በእጅ ያለውን ተሽከርካሪ በአግባቡ ጠግኖ መጠቀም ከቀድሞው የበለጠ ትኩረት የሚሻ ሆኗል።

ሁለቱ የመስታወት ዓይነቶች

በተሽከርካሪ ላይ የሚገጠሙ መስታወቶች በዋናነት ሁለት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያው ላሚኔትድ የሚባለው ሲሆን፣ ሁለት መስታወቶች በመካከላቸው ስስ የፕላስቲክ ሽፋን ይዘው የተጣበቁበት ነው። ሲሰበር ስባሪው ከሽፋኑ ጋር ተጣብቆ ስለሚቀር ወደ ተሳፋሪ አይበተንም። ለፊት መስታወት የሚያገለግለው ይህ ነው። ሁለተኛው ቴምፐርድ የሚባለው፣ በከፍተኛ ሙቀት ከጋለ በኋላ በፍጥነት እንዲቀዘቅዝ በመደረጉ የጠነከረ መስታወት ነው። ሲሰበር ስለት በሌላቸው ትንንሽ ፍርፋሪዎች ይከፋፈላል፤ በአብዛኛው ለበርና ለኋላ መስኮቶች ይውላል።

ሁለቱን መለየት ለገዢው ተግባራዊ ጥቅም አለው። ላሚኔትድ መስታወት በሠለጠነ ባለሙያ በልክ ሊቆረጥ ይችላል። ቴምፐርድ መስታወት ግን ከተመረተ በኋላ ለመቁረጥ ወይም ለመብሳት ሲሞከር በሙሉ ይፈረካከሳል፤ ስለዚህ በልኩ ተሠርቶ የመጣውን መግዛት ግድ ነው።

ለቤት መስኮት የሚሸጥ ተራ መስታወት ለተሽከርካሪ በፍጹም ሊገጠም አይገባም። ተራ መስታወት ሲሰበር እንደ ቢላ የሾሉ ረጃጅም ስባሪዎች ይፈጥራል፤ በቀላል ግጭት እንኳ ፊትና አንገት ላይ ከባድ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። ዋጋው ማነሱ ለዚህ አደጋ ማካካሻ ሊሆን አይችልም።

የመስታወቱን ዓይነት ለማረጋገጥ በጥግ ላይ የታተመውን ምልክት መመልከት ያስፈልጋል። በተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 43 መሠረት የተመረተ መስታወት በክብ ውስጥ የተጻፈ የላቲን «ኢ» ፊደልና የአገር መለያ ቁጥር፣ ከአጠገቡም 43 የሚል ቁጥር ይኖረዋል። ምንም ምልክት የሌለው መስታወት ከቀረበ ሻጩ ዓይነቱን በደረሰኝ ላይ እንዲገልጽ መጠየቅ ተገቢ ነው።

መተካት የሚያስፈልገው መቼ ነው?

በጠጠር ምት የተፈጠረ፣ ከሳንቲም ያነሰና ከአሽከርካሪው የዕይታ መስመር ውጭ የሆነ ጉዳት በፈሳሽ ማጣበቂያ ሊጠገን ይችላል። ስንጥቁ በአሽከርካሪው ፊት ለፊት ከሆነ፣ ወደ መስታወቱ ጠርዝ ከደረሰ ወይም እየረዘመ ከሄደ ግን መስታወቱ መተካት አለበት። በፀሐይ በጋለ የተሰነጠቀ መስታወት ላይ ቀዝቃዛ ውኃ መድፋት ስንጥቁን ስለሚያስረዝመው መታቀብ ይገባል።

ምት ሳያርፍበት ከጠርዝ ተነሥቶ የሚሰነጠቅ መስታወት ሲያጋጥም በጎማው ሥር ያለውን ላሜራ መመርመር ያስፈልጋል። በዚያ የተጠራቀመ ዝገት እያበጠ መስታወቱን ሊጫነው ይችላል። ዝገቱ ሳይወገድ የሚገጠም አዲስ መስታወትም በተመሳሳይ ሁኔታ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ትክክለኛውን መስታወት ማግኘት

እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1984 የተመረተው የላንድክሩዘር 40 ተከታታይና የቀድሞዎቹ ላንድሮቨር ሞዴሎች የፊት መስታወታቸው ጠፍጣፋ ነው። የላንድሮቨሮቹ በሁለት ክፍል የተከፈለ በመሆኑ አንዱ ሲሰበር ሌላውን ሳይነኩ መተካት ይቻላል። ጠፍጣፋ መስታወት ከላሚኔትድ ዝርግ ተቆርጦ ሊዘጋጅ ስለሚችል፣ ተመሳሳዩ ከገበያ ጠፍቷል ተብሎ ተሽከርካሪውን ማቆም አያስፈልግም። ልኩ ከተሰበረው መስታወት ሳይሆን ከክፈፉ በካርቶን መወሰድ አለበት፤ ለጎማው የሚሆን ክፍተትም መተው ይገባል። የተቆረጠው ጠርዝ በሚገባ ካልተሞረደ ስንጥቅ ከዚያው ይነሣል።

ጉብጠት ያላቸው የኋለኞቹ ሞዴሎች መስታወቶች ግን በሞዴል ተለይተው መገዛት አለባቸው። ወደ ሻጭ ከመሄድዎ በፊት የተሽከርካሪውን ሞዴል፣ የምርት ዘመንና የሻንሲ ቁጥር ከሊብሬው ላይ ይመዝግቡ። መስታወቱ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ከሆነ በጉዞ ወቅት ተኝቶ ሳይሆን በጠርዙ ቆሞ፣ በወፍራም ጨርቅ ወይም በፍራሽ ተደግፎ መጫን አለበት። ያገለገለ መስታወት ሲገዛ ጠርዙ አለመሸረፉን፣ የዝናብ መጥረጊያው ያደረሰው ጭረት አለመኖሩንና በንብርቦቹ መካከል ነጭ ጉም መሰል ነገር አለመታየቱን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

የአገጣጠም ቅደም ተከተል

በቆዩት ላንድክሩዘሮች በብዛት የሚታየው መስታወቱ በዙሪያው ባለ ጎማ (ጎሚኒ) የሚያዝበት ስልት ነው። ሥራው ሁለት ሰው ይጠይቃል፤ ጓንትና የዓይን መከላከያ መነጽርም ግዴታ ነው።

1. የደረቀው ጎማ ተቆርጦ ይወጣል፤ መስታወቱም ከውስጥ ወደ ውጭ በቀስታ ተገፍቶ ይነሣል።
2. የክፈፉ ዝገት ተፍቆ ይጸዳል፤ ፀረ ዝገትና ቀለም ተቀብቶ እስኪደርቅ ይጠበቃል። የተበላ ላሜራ ካለ አስቀድሞ በላሜራ ባለሙያ ይጠገናል።
3. አዲሱ ጎማ በመስታወቱ ዙሪያ ይለብሳል። ክፈፉን በሚይዘው የጎማው ስርጥ ውስጥ ጠንካራ ገመድ በዙሪያው ይገባል፤ ሁለቱ ጫፎች ከታች መካከል ላይ ተላልፈው ወደ ውስጥ ይንጠለጠላሉ።
4. ስርጡ በሳሙና ውኃ ይረጥባል። ዘይት፣ ግራሶና ናፍጣ ጎማውን ስለሚያበላሹት አይጠቀሙባቸው።
5. አንዱ ሰው መስታወቱን ከውጭ በመዳፉ ሲደግፍ፣ ሌላው ከውስጥ ገመዱን ቀስ እያለ ይስባል። የጎማው ከንፈር ላሜራውን እየተሻገረ ይቀመጣል። መስታወቱን በመዶሻ መምታት አይፈቀድም።
6. በመጨረሻ ከላይ ውኃ በማፍሰስ ፍሳሽ መኖር አለመኖሩ ይፈተሻል።

በማጣበቂያ ብቻ የሚያዙ የኋለኞቹ ሞዴሎች መስታወቶች በሠለጠነ ባለሙያ መገጠም ይኖርባቸዋል። ማጣበቂያው አምራቹ የወሰነውን የመድረቂያ ጊዜ ሳይጨርስ ተሽከርካሪውን ማንቀሳቀስ አይገባም።

የበር መስኮት ሲሰበር በበሩ ውስጥ የወደቀው ፍርፋሪ በሙሉ መውጣት አለበት። ፍርፋሪው የውኃ መውረጃ ቀዳዳዎችን ከደፈነ ዝናብ በበሩ ውስጥ ይጠራቀማል፤ በሩም ከታች ይዝጋል።

መድን፣ ምርመራና ደረሰኝ

በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት የሚገባው የሦስተኛ ወገን መድን ተሽከርካሪው በሌሎች ሰዎች ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት የሚመለከት ነው፤ የራስን ተሽከርካሪ መስታወት ወጪ አይሸፍንም። ሙሉ ዋስትና ያላቸው ባለንብረቶች መስታወት የተካተተ መሆኑን ከውላቸው ላይ ያረጋግጡ፤ ጥገናው ከመጀመሩ በፊትም ለመድን ድርጅታቸው ያሳውቁ።

መስታወትን በተመሳሳይ መስታወት መተካት በሊብሬው ላይ የተመዘገበውን የሻንሲና የሞተር ቁጥር አይለውጥም። ላሜራ ቆርጦ አዲስ መስኮት ማውጣትን የመሰለ የአካል ለውጥ ለማድረግ የሚያስቡ ግን ሥራው ከመጀመሩ በፊት ተሽከርካሪው የተመዘገበበትን ጽሕፈት ቤት እንዲያማክሩ እንመክራለን። ለዓመታዊው የቴክኒክ ምርመራ ከመቅረብ በፊት የመስታወቱን ጥራትና የዝናብ መጥረጊያውን አሠራር መፈተሽም ለቦሎ ዕድሳት የሚደረገውን ምልልስ ይቀንሳል።

የግዢና የጥገና ደረሰኝን በጥንቃቄ መያዝ አስፈላጊ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የተሸጠለት ሸማች መፍትሔ እንዲጠይቅ መብት ይሰጠዋል፤ ይህን መብት ለማስከበር ግን ግዢውን የሚያሳይ ማስረጃ ያስፈልጋል። ደረሰኝ የዕቃውን ሕጋዊ አመጣጥ ለማስረዳትም ያገለግላል።

በጋሞ ዞን የበልግ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ይበረታል። የተሰነጠቀ መስታወት ወይም የደረቀ ጎማ ያለባቸው ባለንብረቶች ጥገናውን ከዚህ ወቅት አስቀድመው እንዲያጠናቅቁ፣ መስታወቱ እስኪተካም በሌሊትና በጉም ወቅት ከማሽከርከር እንዲቆጠቡ እናሳስባለን። ተጨማሪ ማብራሪያ የሚሹ ተገልጋዮች በዞኑ የትራንስፖርት ዘርፉን ወደሚመራው መምሪያ ወይም በአቅራቢያቸው ወደሚገኘው የትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ሊብሬያቸውን ይዘው መቅረብ ይችላሉ።