ያውቁ ኖሯል? ሳይናገር የሚናገረው «አለ»

በእንግሊዝኛ «ጌት ኦፍ» የተሰኘው ተጣማሪ ግስ፣ ማለትም ከመስተዋድድ ወይም ከተውሳከ ግስ ጋር ተዳብሎ ቃላቱ በየብቻቸው የማይሰጡትን ፍቺ የሚይዝ ግስ፣ ከአውቶቡስ መውረድን፣ ከሥራ መውጣትን፣ በቀላል ቅጣት ማምለጥንም ሊያመለክት ይችላል። በአማርኛ ለዚህ ሥራ የሚቀርበው «አለ» ነው፤ በመሠረቱ «ተናገረ» ማለት የሆነው ይህ ግስ «ቁጭ»፣ «ብድግ»፣ «ብቅ» ከመሳሰሉ ቃላት ጋር ሲጣመር የመናገር ትርጉሙን ይተዋል፤ «ዝም አለ» ሲባልማ ጭራሹን ተቃራኒውን ይገልጻል። ድርጊቱ በሌላ ነገር ላይ ሲፈጸም «አደረገ» ይተካዋል፤ ልኩንም አናባቢው ይለየዋል፦ በሩን «ከፈት ያደረገ» በጥቂቱ፣ «ክፍት ያደረገ» ግን ወለል አድርጎ ከፍቶታል። በነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ከሳሪስ ወይም ከጀሞ በሚነሣ ታክሲ ውስጥ ረዳቱ «ጠጋ በሉ» ሲል የዚሁ ግስ ትእዛዝ አንቀጽ ይሰማል፤ ተሳፋሪው «ወራጅ አለ» ሲል ግን የሚጠቀመው መኖርን የሚገልጸውን፣ «ለ» የሚጠብቅበትን ሌላ ግስ ሲሆን፣ የግዕዝ ፊደል መጥበቅን ስለማያሳይ ሁለቱ በጽሑፍ አይለዩም።