ጎማና ደንብ በሞቶ ጂፒ

ሞቶ ጂፒ በሚባለው የዓለም የሞተርሳይክል ሻምፒዮና ከፍተኛ ምድብ፣ ለድሉ ተወዳዳሪው፣ ሞተርሳይክሉና ጎማው እያንዳንዳቸው ምን ያህል ድርሻ እንዳላቸው የሚነሣው ክርክር ከሃያ ዓመት በላይ ደንብ ሲያስወጣና ሲያስለውጥ ኖሯል። አንዱ ደንብ የዘጋውን በር ሌላው ሲከፍት፣ ጎማው ግን ከፈራጅነቱ ወርዶ አያውቅም።

እስከ እ.ኤ.አ. 2006 ድረስ የፈረንሳዩ ሚሼሊን አንዱ የበላይነት ምንጭ ለፋብሪካው ያለው ቅርበት ነበር። በአውሮፓ በሚካሄዱ ውድድሮች የዓርቡ ልምምድ መረጃ ወደ ክሌርሞን ፌራን ይላክና፣ ለዚያው መንገድ ተብሎ የተቀመመ ጎማ በአንድ ሌሊት ተሠርቶ ለእሑድ ይደርስ ነበር፤ ፋብሪካው ጃፓን የሆነው ብሪጅስቶን ይህን ማድረግ አይችልም ነበር። የ2007 ደንብ እያንዳንዱ ተወዳዳሪ 31 ጎማዎችን፣ ማለትም 14 የፊትና 17 የኋላ፣ ልምምድ ከመጀመሩ በፊት እንዲመርጥ ሲያስገድድ ይህ ብልጫ ቀረ፤ በዚያው ዓመት ኬሲ ስቶነር በብሪጅስቶን ጎማ በዱካቲ 10 ውድድሮችን አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ። ድሉን ለጎማው ብቻ መስጠት ግን ግፍ ነው፤ በዚያው ጎማና በዚያው ዱካቲ የተወዳደረው ሎሪስ ካፒሮሲ ያሸነፈው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር።

በ2008 ቫለንቲኖ ሮሲ ወደ ብሪጅስቶን ሲዞር የቡድን ጓደኛው ሆርጌ ሎሬንዞ ከሚሼሊን ጋር ስለቀረ፣ የያማሃ ጋራዥ በግድግዳ ለሁለት ተከፈለ። የሆንዳው ዳኒ ፔድሮሳም የውድድር ዘመኑ ሳያልቅ ጎማ ቀየረ። ከ2009 ጀምሮ አንድ አቅራቢ ብቻ እንዲኖር ሲወሰን ሚሼሊን ከጨረታው ቀረ፤ ሥራውም ለብሪጅስቶን ሆነ።

የብቸኛ አቅራቢ ሥርዓት ወጪንና ልዩነትን ይቀንሳል፤ ጎማው ሲሳሳት ግን የሚሳሳተው በሁሉም ላይ ነው። በ2013 በአውስትራሊያው ፊሊፕ አይላንድ አዲስ የለበሰው አስፋልት የኋላ ጎማን ስለበላ፣ የ27 ዙሩ ውድድር ወደ 19 ዙር አጠረ፤ በአንድ ጎማ ከ10 ዙር በላይ መንዳት ተከልክሎ በመሐል ሞተርሳይክል መቀየር ግዴታ ሆነ። ቆጠራውን የሳተው ማርክ ማርኬዝ በጥቁር ባንዲራ ከውድድሩ ተባረረ። ተፎካካሪ አቅራቢ ስለሌለ ጥፋቱ የአስፋልቱ ይሁን የጎማው በንጽጽር የሚለይበት መንገድ አልነበረም።

በ2016 ተመልሶ ብቸኛ አቅራቢ በሆነው በሚሼሊን ዘመን ክርክሩ ወደ ጎማ ንፋስ ዞሯል። ማንኛውም ጎሚስታ እንደሚያውቀው ጎማ ሲግል ንፋሱ ይጨምራል፤ ከፊቱ ያለውን ተጠግቶ የሚነዳ ተወዳዳሪ የፊት ጎማው ይግላል፣ ብቻውን የሚመራው ደግሞ ይቀዘቅዝበታል። በ2024 ደንብ የፊት ጎማው ንፋስ በዋናው ውድድር ከዙሮቹ ቢያንስ በ60 በመቶው 1.8 ባር ወይም ከዚያ በላይ ካልሆነ 16 ሰከንድ ቅጣት ይጨመራል። በ2025 በታይላንዱ ቡሪራም ሲመራ የነበረው ማርክ ማርኬዝ፣ ንፋሱ እንዲጨምርለት ሲል ወንድሙን አሌክስን ሆን ብሎ አሳልፎ ከኋላው ነዳ፤ በመጨረሻ ቀድሞት አሸነፈ። በዚያው ዓመት በኳታር ማቬሪክ ቪኛሌስ ሁለተኛ ወጥቶ፣ በዚሁ ቅጣት ወደ 14ኛ ወረደ። ፍጥነት በሚለካበት ስፖርት መሪነትን አሳልፎ መስጠት ትክክለኛ ስሌት መሆኑ፣ ደንቡ ለደኅንነት የታሰበ ቢሆንም፣ ግራ የሚያጋባ ነው።

በአቅራቢዎች መካከል የቀረው ፉክክር እንግዲህ በውል ላይ ነው። ከ2027 ጀምሮ የጣሊያኑ ፒሬሊ ሞቶ ጂፒን ይረከባል፤ ሚሼሊን በበኩሉ ፒሬሊ ከ2004 ጀምሮ ይዞት ወደኖረው የሱፐርባይክ ሻምፒዮና ይሻገራል።