«ነጻ የእርግዝና ምርመራ» ከሚለው ማስታወቂያ ጀርባ

በአሜሪካ የሚኖሩ እህቶቻችን ሲቸግራቸው ሰው ከማማከር ይልቅ ስልካቸውን ማማከር ከጀመሩ ቆይተዋል። ነገሩ የእርግዝና ሲሆንማ አክስትም ጎረቤትም የቤተ ክርስቲያን ወዳጅም እንዳይሰማ ይፈለጋል። ስለዚህ ከሥራ መልስ፣ በእኩለ ሌሊት፣ ጎግል ላይ «ጽንስ ማቋረጥ በአቅራቢያዬ» ተብሎ በእንግሊዝኛ ይጻፋል። ከላይ ቀድሞ ብቅ የሚለው ግን ብዙ ጊዜ መልስ ሳይሆን የተከፈለበት ማስታወቂያ ነው።

«ነጻ ምርመራ፤ ነጻ አልትራሳውንድ፤ አማራጭሽን እወቂ፤ ዛሬውኑ ነይ» ይላል። ኢንሹራንስ ለሌላት ሴት ከዚህ የሚጥም ቃል ከየት ይመጣል? ማስታወቂያው የሚደብቀው አንድ ነገር አለ። ቤቱ ጽንስ አያቋርጥም፤ ወደሚያቋርጥ ሐኪምም አይልክም፤ የተቋቋመው ሴቲቱን ከዚህ ሐሳብ ለመመለስ ነው።

የዚህ ዓይነቱ ማዕከል የመጀመሪያው በ1967 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች ናቸው) ሃዋይ ውስጥ ተከፈተ። ዛሬ በመላ አሜሪካ ወደ 2,500 ይጠጋሉ፤ ጽንስ ከሚያቋርጡት ክሊኒኮች በቁጥር በብዙ ይበልጣሉ። ድሮ በቢጫው የስልክ ማውጫ ከክሊኒኮች ጎን ይመዘገቡ ነበር። ኢንተርኔት ሲመጣ ቃል መግዛት ተጀመረ። አስተዋዋቂው ለጎግል ይከፍልና «ሰው ይህን ቃል ሲጽፍ የእኔን ስም ከላይ አውጣልኝ» ይላል። ዳቦ የማይጋግር ሰው «ዳቦ ቤት» የሚለውን ቃል ገዝቶ የተራበ እንደ መሰብሰብ ማለት ነው።

በ2022 የዲጂታል ጥላቻ መከላከያ ማዕከል የተባለው ድርጅት ጽንስ ማቋረጥን ለማገድ ሕጋቸውን አዘጋጅተው በሚጠባበቁ 13 ግዛቶች ይህንኑ ፈትሾ ነበር። በጎግል ካርታ ላይ ከወጡት አድራሻዎች 37 ከመቶው፣ ከላይ ከተለጠፉት ማስታወቂያዎች 28 ከመቶው ወደነዚሁ ማዕከላት የሚመሩ ሆነው ተገኙ። ጎግል በበኩሉ ከ2019 ጀምሮ አስተዋዋቂዎች «ጽንስ ያቋርጣል» ወይም «አያቋርጥም» የሚል መግለጫ እንዲኖራቸው አድርጓል። ነገር ግን ጽሑፉ ደቃቅ ነው። «ነጻ የእርግዝና ምርመራ» ብላ የፈለገች ሴትም መግለጫውን ጨርሶ ላታየው ትችላለች።

ሕግስ? ካሊፎርኒያ በ2015 ማዕከላቱ ሕጉ ያዘዘውን መግለጫ እንዲለጥፉ አስገድዳ ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2018፣ በ5 ለ4 ድምፅ፣ የመናገር ነጻነትን ይነካል ብሎ ከለከለ። በሌላ በኩል የሳን ፍራንሲስኮ ከተማ በ2011 ያወጣችው፣ አሳሳች ማስታወቂያን ብቻ የሚከለክለው ደንብ በ2017 በይግባኝ ፍርድ ቤት ጸንቷል።

ጉዳቱ የሚቆጠረው በሳምንት ነው። ጽንስ የሚያቋርጠው ኪኒን በመንግሥት የተፈቀደው እስከ 10ኛው ሳምንት ነው። «በሚቀጥለው ሳምንት ተመልሰሽ ነይ፣ ደግመን እናያለን» እየተባለች የተመላለሰች ሴት ይህ ጊዜ ያልፋታል። ከ2022 ወዲህ ጽንስ ማቋረጥ በታገደባት ቴክሳስ፣ በዳላስና በሂውስተን ያሉ ወገኖቻችን ወደ ሌላ ግዛት መሄድ ግድ ስለሆነባቸው፣ የባከነ ሳምንት የአውሮፕላን ቲኬትና የሥራ ቀን ያስከፍላል። በአንዳንዱ ማዕከል ነጭ ጋውን የለበሰው ሁሉ ሐኪም አይደለም። ከማህፀን ውጭ የተፀነሰ ጽንስ ቢኖር ለይቶ የሚያውቅ ባለሙያ ከሌለ ደግሞ ነገሩ የሕይወት ጉዳይ ይሆናል። ክፍያ የማይቀበሉት ብዙውን ጊዜ የፌዴራሉ የሕክምና ምስጢር ጥበቃ ሕግም አያስገድዳቸውም፤ ሴቲቱ በቅጹ ላይ የሞላችው ስምና አድራሻ በእነሱ እጅ ይቀራል።

ውድ አንባቢያን፣ ጽንስ ማቋረጥ ኃጢአት ነው ብሎ የሚያምን በመካከላችን ብዙ ነው። ያንን በበሩ ላይ በግልጽ ጽፎ የሚያስተናግድ ማዕከል አያጣላንም፤ ለመውለድ ለወሰነች እናት ዳይፐርና የሕፃን ልብስ የሚሰጡም አሉ፣ ይመስገኑ። ጠባችን ከታፔላው ጋር ነው።

ከመሄድ በፊት ደውሎ «ጽንስ ታቋርጣላችሁ? ካላቋረጣችሁስ ወደሚያቋርጥ ትልካላችሁ? የሚያየኝ ፈቃድ ያለው ሐኪም ነው?» ብሎ መጠየቅ ይቻላል። «ግድየለም፣ መጀመሪያ ነይና እንነጋገራለን» የሚል መልስ ከመጣ፣ መልሱ «አይደለም» ማለት ነው። ለምርመራው ብቻ ከሆነ፣ በየሰፈሩ እንደ ገቢ መጠን የሚያስከፍሉ የጤና ማዕከላት አሉ። በነጻ የሚሰጠው የሽንት ምርመራም ዶላር ስቶር ከሁለት ዶላር ባነሰ ዋጋ ከሚሸጠው የተለየ አይደለም።