ተጨማሪ መረጃ፦ የደጋው አየርና የሯጮች ብቃት

መካነ ሰላም ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ የደቡብ ወሎ ከተማ ስትሆን፣ በዚህ ከፍታ የአየር ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሩብ ያህል ስለሚቀንስ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያነሰ ነው። ይህ እጥረት ኩላሊት ኤሪትሮፖይቲን የተባለውን ሆርሞን እንዲያመነጭ ያደርጋል፤ ሆርሞኑም የአጥንት መቅኔን በማነቃቃት፣ ሄሞግሎቢን በተባለው ብረት አዘል ፕሮቲን አማካይነት ኦክስጅንን ወደ ጡንቻ የሚያደርሱት ቀይ የደም ሴሎች እንዲበዙ ያግዛል።

ሌቪንና ስትሬይ-ጉንደርሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት፣ 2,500 ሜትር ላይ እየኖሩ 1,250 ሜትር ላይ ለአራት ሳምንታት የሠለጠኑ ሯጮች የ5,000 ሜትር ሰዓታቸውን እንዳሻሻሉ አሳይተዋል፤ ከፍታው ኦክስጅን የመሸከም አቅማቸውን ሲጨምር፣ ዝቅታው ፈጣን ልምምድ እንዲሠሩ አስችሏቸዋልና። ከመካነ ሰላም ደጋ ወደ ዓባይ ሸለቆ ቆላ የሚወርደው ምድር እንዲህ ያለውን የከፍታ ልዩነት በቅርብ ርቀት አጣምሮ ይዟል።

ይሁን እንጂ የሲንቲያ ቢል የጥናት ቡድን እ.ኤ.አ. በ2002 ይፋ እንዳደረገው፣ በ3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ የአማራ ደገኞች የሄሞግሎቢን መጠን በባሕር ጠለል ከሚኖሩ ሰዎች ብዙም የተለየ አይደለም። ስለዚህ በደጋ መወለድ ብቻውን አትሌት አያደርግም፤ የተመጠነ ልምምድ፣ በቂ እረፍትና በብረት የበለጸገ ምግብ ያስፈልጋል። ቶሎ ቶሎ የሚደክም ወጣት ሯጭ ቢያጋጥም፣ አሠልጣኙ ልምምዱን ከማክበዱ በፊት በጤና ተቋም የደም ምርመራ እንዲያደርግ ሊመክረው ይገባል።