ማሽኑ የት ይደር?

ሊኑክስ ላይ ቨርቹዋል ማሽን እንድጭንላቸው የሚጠሩኝ ደንበኞች መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስለ ራም ነው። «ስምንት ጊጋ ይበቃዋል?» ይበቃዋል፤ ባይበቃውም ማሽኑን ዘግቶ ቁጥሩን መቀየር የደቂቃ ሥራ ነው። እኔ አስቀድሜ የምጠይቀው የማሽኑ ፋይል የት እንደሚቀመጥ ነው። ዳታ ከተጠራቀመበት በኋላ እሱን ከቦታ ቦታ ማዛወር ግማሽ ቀን ይበላል፤ ያውም ቢሮው ሥራ ፈትቶ እየጠበቀ።

አዲስ አበባ ላይ ይህ ሥራ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ፒችትሪ በሚባለው የሒሳብ ፕሮግራም ሰበብ ነው። የድርጅቱ ባለቤት ቫይረስ ሰልችቶት ኡቡንቱ ለምዷል፤ የሒሳብ ሠራተኛዋ ግን ከፒችትሪ ውጪ አትሠራም፣ ፒችትሪ ደግሞ ዊንዶውስ ይፈልጋል። ስለዚህ ዊንዶውሱን ሊኑክሱ ውስጥ እናሳድረዋለን። ቨርቹዋልቦክስም ያገለግላል። እኔ የማዘወትረው ግን ኬቪኤምን ነው፤ ከ2007 ጀምሮ የሊኑክስ ከርነል አካል ስለሆነ ከርነሉ በታደሰ ቁጥር ሞጁል እንደገና የማስገንባት ጣጣ የለውም። ባዮስ ላይ ቨርቹዋላይዜሽን መከፈቱን አይቶ ማሽኖቹን የምናስተዳድርበትን ቨርት ማናጀርን መጫን ነው፤ ይሄ ቀላሉ ክፍል ነው።

ቨርት ማናጀር ዝም ካሉት ዲስኩን «ቫር» በሚባለው የሲስተም ፎልደር ሥር ያስቀምጠዋል። ብዙ ሰው ደግሞ ሊኑክስ ሲጭን ቫርም ላለበት ለዋናው የሲስተም ክፍል፣ ለሩት፣ 50 ጊጋባይት ሰጥቶ የቀረውን ለተጠቃሚው ፎልደር ለሆም ይመድባል። 100 ጊጋባይት ዲስክ ፍጠር ሲባል «ሙሉ በሙሉ ቢሞላ ቦታው አይበቃም፤ ይቀጥል?» ብሎ አንዴ ይጠይቃል። ይህን አንብቦ «አይ» ያለ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። ፋይሉ በመጀመሪያው ቀን የሚይዘው የተጻፈበትን ያህል ብቻ ስለሆነ ሁሉም ሰላም ይመስላል። ከዚያ የዊንዶውስ አፕዴት ይመጣል።

ሩት ሲሞላ የሚሆነውን ማወቅ ይጠቅማል። ከኬቪኤም ጋር ማሽኑን የሚያስኬደው ኬሙ የዲስኩን መሙላት ለዊንዶውሱ አይነግረውም፤ ማሽኑን ባለበት ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል። ሠራተኛዋ የሚታያት የማይንቀሳቀስ ስክሪን ነው፤ «ስታክ አደረገ» ብላ ትደውላለች። እዚህ ላይ ብዙዎች በችኮላ ማሽኑን በግድ ያጠፉታል፤ የሒሳብ ፋይሉም የሚበላሸው ያኔ ነው። ሩት ላይ ቦታ አስለቅቆ «ቀጥል» ቢሉት ካቆመበት ይነሳ ነበር።

ስለዚህ ከመጀመሪያው የተለየ ፓርቲሽን፣ ቢቻል ኤስኤስዲ ላይ፣ ከሆም ውጪ አዘጋጅቼ ቨርት ማናጀር ውስጥ እንደ ማከማቻ እመዘግበዋለሁ። ከሆም ውጪ የምለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ከ21.04 ወዲህ ኡቡንቱ የተጠቃሚውን ሆም ለሌላ ስለዘጋ፣ ማሽኑን የሚያስኬደው የሲስተም ተጠቃሚ ዘልቆ መግባት ይከለከላል። ፌዶራ ላይ፣ ከ33ኛው እትም ጀምሮ የዴስክቶፑ ፋይል ሲስተም በነባሪ ቢቲአርኤፍኤስ ስለሆነ፣ የዲስኩ ፋይል የሚቀመጥበት ፎልደር ባዶ ሳለ «ኮፒ ኦን ራይት» የሚባለውን ባሕርይ ማጥፋት ያሻል፤ ካልሆነ የዲስኩ ፋይል ተበጣጥሶ ማሽኑ ያዘግማል። ዊንዶውሱ ውስጥ ፋይል ሲሰረዝ ቦታው ለሊኑክሱ እንዲመለስም በዲስኩ ምርጫ «ዲስካርድ»ን «አንማፕ» ላይ አደርጋለሁ።

«ስናፕሾት አለኝ» ብሎ የሚዝናና ደንበኛ አለ። የተለመደው ስናፕሾት የሚቀመጠው እዚያው የዲስክ ፋይል ውስጥ ነው፤ ፋይሉ ከጠፋ አብሮ ይጠፋል። ባክአፕ ሲወሰድ ማሽኑ መዘጋት አለበት፤ ከዲስኩም ጋር የማሽኑን ማንነት የሚገልጸው የኤክስኤምኤል ፋይል መቀዳት አለበት። የሚቀዳበት ፍላሽ ፋት32 ከሆነ ከ4 ጊጋባይት በላይ የሆነ ፋይል አይቀበልም። የፒችትሪውን የካምፓኒ ፎልደር ግን ከዚህ ሁሉ ለይቼ በየማታው ወደ ሌላ ድራይቭ እንዲገለበጥ አደርጋለሁ። ዊንዶውሱንማ በአንድ ከሰዓት መልሼ እጭነዋለሁ።